የኋላው ማሳ

«እስቲ ፍሬን ርገጥ» አለች ሚጡ ከመኪናዋ በስተኋላ ቁጢጥ ብላ።

መሪው ላይ የተቀመጠው የአጎቷ ልጅ ረገጠ። ቀዮቹ መብራቶች ቦግ አሉ። ፓርኪንግ አስበራችው፣ በራ። የግራ ፍሬቻ፣ ደህና። የቀኙም ደህና። ክላክሱን ግን ማንም ሳያዘው ደጋግሞ ነፋውና በር ላይ ያንቀላፋው ድመት ዘሎ አጥሩ ላይ ወጣ።

«ክላክስ ይሠራል፣ ክቡር ፍርድ ቤት!» አለ።

ቤተሰቡ በሙሉ «ጠበቃው» የሚለው ወዶ አይደለም። በአንዲት ቃል ግማሽ ቀን መከራከር ይችላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቱ «ሥራ ይልመድ» ብሎ ከገጠር ወደ አክስታቸው ጋራዥ ልኮት፣ ከመጣ ገና ሳምንት አልሞላውም።

አሮጌዋ ጂፕ ሚጡን በዕድሜ ትበልጣታለች። አይጥ የበላው፣ ሙቀት ያደረቀው፣ ያገኘ ሁሉ በናስትሮ እየጠቀለለ ያለፈው ሽቦዋ በሙሉ ተነቅሎ ወጥቶ ግድግዳው ሥር ተከምሯል። አዲሱን ከባትሪው ጀምራ በዳሽቦርዱ ሥር አሳልፋ እስከ ኋላ መብራቶቹ ድረስ የዘረጋችው ሚጡ ናት። ብቻዋን። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነችው አክስቷ አንዲት ሽቦ እንኳ አልነካችም። ሥራው ሲጀመር አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለችው፦ ይቺ መኪና ከዚህ ግቢ እንከን ሳይኖርባት ከወጣች፣ ከእንግዲህ የሽቦ ሥራ ለሚጡ ነው፤ እሷ ሞተሩን ታያለች።

ሚጡም እጇን ታምናለች። የትኛው ሽቦ በየት እንደሚያልፍ ዓይኗን ጨፍና ትነግርሃለች።

የጂፗ ባለቤት ነርስ ናት። ከወንዙ ማዶ ያሉ ወላዶችን ወደ ጤና ጣቢያ የምታመላልሰው በዚችው መኪና ነው። ዛሬ ከሰዓትም የምታመጣት ነፍሰ ጡር ስላለች፣ ቦርሳዋን ጭና ከአክስት ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱም ሳቅ በሳቅ ናቸው። ነርሷ ሚጡን «እጅሽ ይባረክ» ያለቻት ገና ድሮ፣ መብራቱ ሳይሞከር ነው።

«አሁን ሁሉንም አብራና ርገጥ» አለች ሚጡ።

አበራ፤ ረገጠ። የግራው መብራት ደምቆ በራ። የቀኙ ግን ፍሬኑ ሲረገጥ ጭራሽ ፈዘዘ፣ ፍሬቻውም መብለጭለጩን ትቶ ተንጠራወዘ። ሚጡ ዓይኗን አሸት አድርጋ ደግማ አስረገጠችው። ያው ነው።

«አለቀ?» አለች አክስቷ ከአግዳሚው ሆና።

ጊዜው ቀን ነው፤ ፀሐዩ መብራቱ ላይ ያርፋል። ከእሷ በቀር ያየ የለም። ግን ሲመሽ፣ በዚያ አቧራማ ቁልቁለት ነርሷ ፍሬን ስትይዝ ከኋላ የሚመጣ ጭነት መኪና በምን ያውቃል?

«ትንሽ ቆዩኝ» አለች ሚጡ።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። የቀኙ ማሳ አልያዘም። ማሳ የሚሉት ኤሌክትሪኩ መብራቱን አብርቶ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን፣ ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ነው። የሚታሰርበት ቦታ ቀለምና ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ ካልነጣ፣ ሽቦው ታሰረ እንጂ ሠራ አይባልም።

ጠዋት የግራውን ራሷ ፍቃ አስራ ነበር፤ ከዚያ ዳሽቦርድ ሥር በጀርባዋ ተኝታ ሳለ፣ «የኋላውን ማሳ ሙልጭ አድርገህ አጽዳልኝ» ብላ ጠበቃውን ልካው ነበር። ቆይቶ ላቡን እየጠረገ ሲመጣ ጠየቀችው። «ጨረስኩት፤ ወገቤ ግን ተቆረጠ» አላት። ማጋነን ልማዱ ነው ብላ ሳቀችበትና፣ እጇን በመብራቱ ቀዳዳ አስገብታ በዳበሳ ብሎኑን አጥብቃ ሽፋኑን ገጠመችው።

ዋሸኝ፣ አለች በሆዷ። አክስቷ ያልሠራውን ሠራሁ የሚል ሰው አትወድም። አምና እጀ ወርቅ የሆነ ሠራተኛ በዚሁ ምክንያት አሰናብታለች። አሁን ሚጡ አንድ ቃል ከተነፈሰች ጠበቃው ነገ ወደ አባቱ ነው። ደግሞስ ይሂዳ! የማን ስም ሊጠፋ ነው?

ወደ መስኮቱ ሄደች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማሳውን እውነት አጽድተኸዋል?» አለችው።

ጠበቃው ቅር አለው። ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ አሳያት። ውሃ ቋጥረዋል፤ አንዱማ ፈንድቷል።

«ይኸው ማስረጃ። ይሄ ምንድን ነው?»

የብርጭቆ ወረቀት እንዲህ አያደርግም። «በምንድን ነው ያጸዳኸው?» አለች ቀስ ብላ።

«በመኮትኮቻ ነዋ! በጥርሴ ልነቅለው ኖሯል?»

ሚጡ ቀና ብላ በጋራዡ የኋላ በር በኩል ወደ ውጭ አየች። አክስቷ በትርፍ ጊዜዋ የምትንከባከባት የሽንኩርት ማሳ አረም የሚባል ነገር አልቀረባትም። አፈሯ ተኮትኩቶ፣ ዙሪያዋ ተጠርጎ፣ ለሙሽራ የተሰናዳች መስላለች። ጠዋት አክስቷ እዚያ ቆማ፣ «ይሄን ያረመልኝ እጁ አይንጠፍ» ስትል ሚጡ ጆሮዋ ጥልቅ ብሎ ነበር፤ ልብ ግን አላለችውም።

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በክንዷ ያዘችው። ልጁ ከገጠር የመጣ፣ ማሳ ሲባል ማሳ የሚያውቅ ነው። ምን አጠፋ?

ወሬው ደግሞ የሚነገር ነው። «አክስቴ፣ ማሳ አጽዳ ብለው ሽንኩርት አረመ» ብትል አክስቷና ነርሷ አግዳሚው ላይ ይፈርሳሉ። ዓመት የሚወራ ጨዋታ ይሆናል። በሳቁ መሐል ሽፋኑን ፈታ፣ ፍቃ፣ አስራ ትጨርሳለች። ሳያይ የገጠመው እጅ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይኖርም።

ጠበቃው አሁንም መዳፉን ዘርግቶ ያያታል። «ምነው? አጠፋሁ እንዴ?»

«አንተ አላጠፋህም።»

ወደ አግዳሚው ሄደች። «አክስቴ፣ አላለቀም። የቀኙን ማሳ ሳላየው ነው የዘጋሁት። ጠየቅሁ እንጂ አላየሁም።»

የነርሷ ፈገግታ ቀዘዝ አለ። አክስት ግን ሚጡን ለአፍታ ትክ ብላ አየቻት።

«በጆሮሽ ፈተሽሽዋ።»

«አዎ።»

አክስት ካቻቢቴውን ከኪሷ አውጥታ አቀበለቻትና ወደ ነርሷ ዞረች። ይፈጃል ወይ ብላ ነርሷ ስትጠይቅ፣ ከመሸ መንገድ ላይ ከምትቆሚ አሁን ብትቆዪ ይሻልሻል፣ አምላክም ጥንቁቅን ያግዛል አለቻት።

ሽፋኑ ተፈታ። ብሎኑ ወፍራም አረንጓዴ ቀለም ላይ ጉብ ብሏል። ሚጡ ጠበቃውን ጠርታ በጣቷ አሳየችው። «እዚህ ቤት ማሳ የምንለው ይሄን ነው።»

ጠበቃው ብሎኑን አየ፤ የኋላውን በር አየ፤ መዳፉን አየ።

«እና ያኛው?»

«ያኛውም ማሳ ነው። ክሱን አሸንፈሃል፤ አሁን ይሄን ፋቅ።»

ይፍቀው ጀመር። ቀለሙ እንደ ዱቄት እየረገፈ ከሥሩ ብረቱ ብቅ አለ። በዚህ መሐል አንድ ሹፌር የፊት መብራቷ የጠፋ መኪና እየነዳ ግቢ ገባና አክስትን በዓይኑ ፈለገ። አክስት ካለችበት ሳትነሳ፣ «ለሽቦ ከሆነ እሷን ጠብቃት፤ ሥራ ይዛለች» ስትለው ሚጡ ሰማች። ዞር አላለችም፤ ጆሮዋ ግን ጋለ።

«ጨረስኩ» አለ ጠበቃው ወረቀቱን እያራገፈ። «ብትፈልጊ መስታወት ነው። አታምኚኝም?»

«አምንሃለሁ» አለች ሚጡ። ባትሪ መብራቱን አንስታ፣ ጉልበቷን መሬት አስነክታ፣ አንገቷን ወደ ቀዳዳው አሰገገች።