የሦስቱ ማሰሮዎች ስንዴ

ባቡር ወደዚያች ከተማ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሰኔ፣ በእርሻ ምርመራ ቤቱ ጓሮ አፈር ይጠበስ ነበር። አዎን፣ አፈር! ምድጃው በሬ ከነቀንዱ ይውጣል፤ ወላፈኑ ሦስት ግቢ ርቆ የቆመን ሰው ጢም ይለበልባል። ክቡር ዋና መርማሪው «በመሬት ውስጥ ያለ ነፍስ ሁሉ የእህል ጠላት ነው» ብለው ስለ ወሰኑ፣ ሻጋታውም ባክቴሪያውም አብሮ እንዲያር ታዘዘ። ሙከራው ከሰመረ የገበሬው ማሳ ሁሉ ነፍሳቱን በሚፈጅ መድኃኒት ሊታጠብ ነው፤ የመጀመሪያው ተራም የምድጃ ጠባቂው እኅት ማሳ ነበር።

ጠባቂው አፈርን በምላሱ ስለሚለይ «ቀማሹ» ይሉታል። የማጉያ መነጽሩን ሲወለውል አጮልቆ እያየ፣ ሊቃውንቱ የናቁትን ተምሯል። በአርባ ማሰሮ በተሞላው የተጠበሰ አፈር የበቀለው ስንዴ ሲገረጣ፣ ከእኅቱ ማሳ በኪሱ አፈር አምጥቶ ከአርባው በሦስቱ ጨመረ፤ «እነዚህ ሲያምሩ ሰውዬው ጉዱ ይወጣል» ብሎ ለብቻው ሳቀ።

ሦስቱ አማሩ። ሚኒስትሩ ሊጎበኙ ሲመጡ ግን መርማሪው ሠላሳ ሰባቱን ጓዳ ከተው፣ ሦስቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደሩ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ የተጠበሰ አፈር ፍሬው ይኸው!»

ፎቶ አንሺው ሲያነሣ ቀማሹ እጁን ሰዶ አንዱን ማሰሮ መሬት ላይ ፈጠፈጠው፤ ሥሩን ወደ ላይ ይዞም፦

«ውሸት ነው ጌታዬ! ይኼ ነጭ ክር ሻጋታ ነው፤ ሥሩ የማይደርስበትን ውሃ ይጎትትለታል። ክሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ድንጋዩን እያሟሙ ያጎርሱታል። ያስገባኋቸው እኔ ነኝ! የእሳቸው ስንዴ ጓዳ ነው፣ ይክፈቱት!»

ሚኒስትሩ ጫማቸው ላይ የተረጨውን አፈር አዩ። «ማነው ይኼ?»

«ምድጃ ጠባቂ ነው፤ ሙቀቱ ናላውን አዙሮታል።»

ተሳቀ። ጓዳውን የከፈተ የለም።

በወሩ የእኅቱ ማሳ ታጠበ፤ በመከሩም ገለባ እንኳ አልሰጠም።

«ሊያፍሩ ነበርኮ፣ እትዬ…» አላት።

«እነሱ? ሦስቱን አሳምረህ ባትሰጣቸው ምን ያሳዩ ነበር? በል እንግዲህ ቀልድህን ብላ!»

ቀማሹ መድኃኒቱ ካልነካው የማሳው ጠርዝ አፈር እየዛቀ፣ አምስት ዓመት በቅርጫት አመላለሰ፤ በስድስተኛው ስንዴው ቀና አለ።

መርማሪው ተሸለሙ፤ ፎቶግራፉም በመጽሐፍ ታተመ። ስለ ሠላሳ ሰባቱ ማሰሮዎች አንድ ቃል አልተጻፈም። በሥዕሉ ዳር ግን ጥፍሩ አፈር የያዘ እጅ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «አንድ አገልጋይ ማሰሮውን ሲያቀርብ» ይላል።