ቀይ ትከሻ

«ኧረ አትከኪው! ድንች እየላጥሽ ነው እንዴ?» አክስቷ እጇን ከትከሻዋ ላይ መንጭቃ አወረደችው።

ግድግዳ እየተነጫነጨች ተቀመጠች። ቅጽል ስሙ የወጣላት መረብ ኳስ ስትጫወት ኳስ ስለማታሳልፍ ነው። ዛሬ ግን ግድግዳው ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀኝ ትከሻዋ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ያሳክካታል።

«ከፌንጣ ፎጣ ነው የያዘኝ አሉ።»

ፌንጣ የልብ ጓደኛዋ ናት። ትናንት ከልምምድ በኋላ ግድግዳ ላቧን የጠረገችው በእሷ ፎጣ ነበር። ዛሬ የቡድኑ ልጆች ሽፍታውን ሲያዩ «እከክ! ፌንጣ አጋብታባት ነው!» ብለው ተንጫጩ። አሰልጣኛቸውም ፌንጣን፣ ሐኪም እስኪያይሽ ከቡድኑ ራቂ አለቻት። የፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

አክስቷ ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ ሽፍታ ስታይ ዓይኗ ይበራል። የካናቴራውን ማንጠልጠያ ገለጥ አድርጋ ሳቀች።

«ከማንጠልጠያው ሥር ያለው ቆዳ ንጹህ ነው። ፎጣው ቦታ እያማረጠ ነው እንዴ የሚያሳክከው? ምን ተቀብተሽ ነበር?»

«ምንም።»

«አንቺ ልጅ!»

«እሺ፣ የአባዬን የሕመም ማስታገሻ ቅባት። ትንሽ። ማለቴ... ብዙ። እሱ ግን ሁሌ ወገቡን ሲቀባው ምንም አይሆንም!»

«የአባትሽን ወገብ መቼ ፀሐይ አይቶት ያውቃል? እንዲህ ያለ ቅባት ፀሐይ ሲያገኘው አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ያስቆጣል፤ ማንጠልጠያው የጋረደው ቆዳሽ የተረፈው ለዚህ ነው። አሁኑኑ ታጠቢ፣ ሁለተኛ እንዳትነኪው፤ ትከሻሽን ለሳምንታት ፀሐይ እንዳያገኘው ሸፍኚው። ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ለመሆኑ ለምን ተቀባሽ?»

ግድግዳ ትከሻዋን ካመማት ሳምንት አልፎታል። የአሰልጣኟ ሕግ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ሕመም የደበቀች ልጅ ጨዋታውን ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታያለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

ስልኳ ጮኸ። የፌንጣ መልእክት ነው፦ «ፎጣዬን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ቅዳሜ ከኔ ይልቅ እሱን የሚያስገቡት መሰለኝ፣ ሃሃ። ትከሻሽ ግን ተሻለሽ?»

ግድግዳ መልእክቱን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ሳትመልስ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችና ደወለች።

«ሃሎ፣ ኮች? ፌንጣ ቅዳሜ ትጫወት። ምንም የለባትም። ወንበሩን ለኔ ይያዙልኝ።»