ከተኩስ በኋላ የተወለወለ አፈሙዝ

አዳኙ ከጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ደረቱን የመታው የገዛ ጠመንጃው ነው። ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ከጎኑ የመወልወያው ዘንግ፣ ቁራጭ ጨርቅና የዘይት ጠርሙስ ተደርድረዋል። ፖሊሱ አንዴ አየት አድርጎ፣ ጥይቱን ሳያወጣ ሲወለውል ባርቆበት ነው አለ። አልፈርድበትም፣ ልጆቼ፤ እንዲህ ያለው ሞት ስንቱን ቤት ባዶ አስቀርቷል።

መርማሪዋ ግን አልቸኮለችም። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ እሷ ስታስብ ሻይ ይቀዘቅዛል እያሉ ይቀልዱባታል። ባለ ሁለት አፈሙዙን ጠመንጃ ከወገቡ አጥፋ ከፈተችው። ጥይት ከሚገባባቸው ሁለት ጎራሾች በአንዱ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ አለ፤ አፉ በጥላሸት ጠቁሯል። ቀለሁን አውጥታ የዚያኑ ጎራሽ አፈሙዝ ወደ መስኮቱ አቀናች። ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጣቷን ሰደድ ብታደርግ ገና ያልደረቀ ዘይት ነካት።

«ጥይት ያለፈበት አፈሙዝ እንዲህ አይጠራም» አለችው ፖሊሱን። «ከተኩሱ በኋላ ተወልውሏል። የሞተ ሰው ደግሞ አይወለውልም።»

በዚያ ቀን ወደ ቤቱ ዝር ያሉት ጥቂቶች ናቸው። የሟቹ ሚስት ገበያ ነበርኩ አለች። ታናሽ ወንድሙ ጓሮ ውሾቹን ሲያጥብ ተኩሱን ሰምቷል፤ ግን በአደን ወራት ተኩስ ማንን ያስደነግጣል? ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ ለሟቹ የተጣፈ ጃኬቱን በር ላይ አቀብላው መመለሷን ተናገረች።

ፖሊሱ ግድያ መሆኑን ሲሰማ ወንድምየውን ያዘው። በቅርቡ በውሾቹ ሰበብ ተጣልተው፣ ታናሹ ሰው ፊት «አንድ ቀን እደፋሃለሁ!» ብሎ ዝቶ ነበር።

«አፌ ነው የበላኝ» አለ ልጁ እጁ እንደታሰረ። «እኔ እኮ ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። ጋሼን እንዴት አድርጌ?»

መርማሪዋ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄደች። ከስፌት መኪናዋ በላይ የባሏ ፎቶ ተሰቅሏል። ባሏ የሟቹ የአደን ጓደኛ ነበር፤ የራሱን ጠመንጃ የምትወለውልለት እሷ ነበረች። ከዓመታት በፊት የራሱ ቢበላሽበት፣ የሟቹን የቀድሞ ጠመንጃ ተውሶ ወጣ፤ አፈሙዙ ውስጥ ግን ከውልወላ የቀረ ጨርቅ ነበር። ሲተኩስ ብረቱ ፈንድቶ ገደለው።

«ያኔ ምን ተባለ፣ እትዬ?»

ሴትየዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አደጋ ነው ተባለ። የጠመንጃው ጌታ መጥቶ አለቀሰ፣ እራቱን በልቶ ሄደ።»

በማግስቱ ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። መርማሪዋ አንድ ሌላ ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ባዶ መሆኑን በየተራ እንዲያዩላት ለመነች። ወንድምየው በአፈሙዙ ጫፍ ሊያጮልቅ ሲል ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

«አንተማ ራስህን እንጂ ሌላ ሰው አትገድልም» አለችው መርማሪዋ።

ሚስትየዋ ቀልጠፍ ብላ ከፈተችው፤ ጎራሾቹን አይታ፣ ባዶ ነው ብላ ዘጋችው። ልብስ ሰፊዋ አፈሙዙን ከሰው አርቃ ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከፈተች፤ ጎራሾቹን በትንሿ ጣቷ ዳሰሰች፤ ከዚያም ወደ መስኮቱ አንስታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተች።

«ጨርቅ አለበት» አለች።

«የወተፍኩት እኔ ነኝ» አለች መርማሪዋ። «አሁን ስሙኝ። ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ዘንጉንና ዘይቱን ደረደረ። ዘንጉን ሲይዝ ግን እጁ የለመደውን ሠራ፤ የተተኮሰበትን አፈሙዝ ወልውሎ ዘይት ቀባ። ኋላ ትዝ ሲለው ቀለሁን መልሶ ከቶ ዘጋው። ይህ ልጅ ጠመንጃ መያዝ አያውቅም። የሟቹ ባለቤት ጎራሹን እንጂ አፈሙዙን አያዩም። አፈሙዙ ጥርት ማለቱን ሳያይ ጠመንጃ የማይዘጋ ሰው እዚህ አንድ ብቻ ነው። ግን ልማድ ፍርድ ቤት አይቆምም፤ ዛቻ ይቆማል። እትዬ፣ እርስዎ ዝም ካሉ ወህኒ የሚወርደው ይህ ልጅ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወንድምየውን አየችው። የባሏን ሬሳ ከጫካ በጀርባው ያወጣላት እሱ ነበር።

«ፍቱት» አለች። «ጃኬቱን ይዤ ገባሁ። ጠመንጃው እንደ ልማዱ ጥይቱን እንደጎረሰ ተሰቅሎ ነበር። አወረድኩት። ፊቱ ቆሜ ባሌን የገደለውን ጨርቅ አነሳሁበት። አንገቱን ደፋ እንጂ አንዲት ቃል አልመለሰም፤ ተኮስኩ። እሱም አደጋ ነው ተብሎ ይቀበር፣ ያቺ ቃል እንዴት እንደምትመር ቤቱ ይቅመሳት ብዬ ነው። አልጸጸትም።»

ሚስትየዋ ከወንበሯ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እሱ እኮ ጠመንጃ ወልውሎ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «የምወለውልለት እኔ ነበርኩ። ጨርቁን የረሳሁት እኔ ነኝ። አንቺ ዝም በይ፣ በእኔ ይለፍ አለኝ። ዝም አልኩ።»

ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛውን ጨብጣ ቆመች፤ ያን ሁሉ ዘመን ያሳደገችው ቂም ጥፋተኛውን ስቶ ነበር። ፖሊሱ ሲወስዳት አልታገለችም። በሩ ላይ ብቻ ወደ ሚስትየዋ ዞር አለች።

«እኔ ባንቺ፣ አንቺም በእኔ መበለት ሆንን» አለቻት። «እንግዲህ እንኑርበት።»