ያልተመለሰው ማሚቶ

«እነዚህን ነጥቦች መቼ ለጠፍሻቸው?» አለች ልዕልት፣ በውድድሩ አዳራሽ ፖስተራቸው ላይ አፍጥጣ።

«ማታ። ያምራሉ አይደል?» አለች ስምረት።

ያምራሉ። ችግሩም እሱ ነበር።

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛሞች ለሳይንስ ውድድሩ ከቬነስ ጋር ሲታገሉ ከርመዋል። አስተማሪያቸው በሰጣቸው ፋይል፣ ከምድር የተላከ የራዳር ሞገድ ቬነስን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ያነባሉ፤ ርቀቷን ያሰላሉ፤ ነጥብ ይለጥፋሉ። ነጥቦቹ ሲያያዙ የቬነስ መንገድ ይወጣል። አብረው የሠሩት ነጥብ ሁሉ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ገባ ይላል። ከፀሐይ ማዶ ያሉት አዲሶቹ ግን በክር የተሰፉ ይመስል ልክ መስመሩ ላይ ተደርድረዋል።

«ፈጥረሻቸው ነው።»

«ቀስ በይ! ምን ላድርግ? ቬነስ ስትርቅ የሞገዱ ማሚቶ ይደክማል፤ ፋይሉ ላይ ትርጉም የሌለው ጫጫታ ብቻ ነው ያለው። እዚህ ጋ እንደምታልፍ ደግሞ የታወቀ ነው።»

«ታልፍ ይሆናል። እኛ ግን አልለካናትም።»

«አታካብጂ ባክሽ! ያሸነፈ የሰመር ዕረፍቱን ቴሌስኮፕ ጣቢያ ነው የሚከርመው። እኔ እንደ አምናው ቤት ትንሹን ወንድሜን ስጠብቅ ልክረም?»

ለነገር ሁሉ መልስ የማታጣዋ ልዕልት ወደ ስምረት ዞረች። እንዲህ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አይታት አታውቅም።

በዚህ መሃል የስምረት እናት እትዬ ሠርካዲስ የሆስፒታል ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ እያለከለኩ ደረሱ።

«ፓርኪንግ አጥቼ ኮልፋክስ ጎዳናን ስዞር! በሉ ተጠጉ ላንሳችሁ። የሐበሻ ማኅበሩ ግሩፕ ላይ ነው የምለቀው፣ ሰው ሁሉ ይይልኝ!»

የውድድሩ ዳኛ አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ ደርሳለች።

«እትዬ ሠርካዲስ፣ አንዴ ይታገሱን» አለች ልዕልት። ጥፍሯን ከአንዱ ነጥብ ሥር አስገባች።

«ልዕልት፣ በናትሽ» አለች ስምረት በሹክሹክታ።

ነጥቡ ተላጠ። ቀጥሎ ያለውም። መጨረሻው ሲላጥ ወረቀቱን ትንሽ ቀደደው። ልዕልት ማርከር አነሳችና ባዶው ቦታ ላይ «እዚህ አልሰማናትም» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ቸኩላ ስለነበር ጽሑፉ ተጣመመ።

«ምነው ልጄ፣ አበላሸሽው እኮ!» አሉ እትዬ ሠርካዲስ።

ስምረት ፊቷን አዞረች። ልዕልት የተላጡትን ነጥቦች በእጇ ጨብጣ ማርከሩን ከደነች።

ዳኛዋ መጣች። ሰላም አለቻቸው፤ መስመሩን በጣቷ ተከተለችና የተቀደደው ቦታ ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

ልዕልት አፏን ልትከፍት ስትል ስምረት ክንዷን ያዘችና ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደች።

«እሱን እኔ ልንገርዎት» አለች።