ወደ ላይ የወጣው ጥለት

የሆነ ነገር ነው የምነግራችሁ። ባታምኑኝ አልቀየምም፤ እኔም ባላየሁት በወደድሁ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ባሕር ዳር፣ የዘጌ ጀልባ የሚቆምበት ዳርቻ።

ልጄ ማኅሌት ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ዘጌ ልትሳለም ሄዳለች። ለምሳ እደርሳለሁ ብላኝ ነበር። ስልኳ አይሠራም። ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሥቷል...

እኔ ደግሞ ክፉ ነገር ሳይመጣ ወጥቼ የምቀበል ሰው ነኝ።

ነጠላዬን ከገመዱ ላይ ጎትቼ ሮጥሁ።

ዳርቻው ላይ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሥተው ተጠጉኝ።

«ማን ነው፣ ልጄ?» አሉ በሹክሹክታ።

አልገባኝም። ዓይናቸውን ተከትዬ ራሴን አየሁ።

ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። በጥድፊያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሻለሁ።

እንዲህ ለብሳ የወጣችን ሴት ሞት ገጥሞሽ ነው ወይ የሚላት የለም። ማን እንደሆነ ብቻ ነው የምትጠየቀው።

ተሳስቼ ነው ማለት ነበረብኝ። ልቤ ግን አስቀድሞ ቀብሯታል።

«ልጄ...» አልሁ። «ማኅሌት።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከኋላቸው ሌላ ሴት። ከዚያ ሌላ...

ከየት እንደመጡ አላየሁም። ድምፅ የላቸውም። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ያኔ ጀልባው መጣ።

ማኅሌት ከፊት ቆማ ትስቃለች። ሞተሩ ሐይቁ መሐል ጠፍቶባቸው ኖሯል።

«እማ፣ ዛሬም ቀበርሽኝ?» አለች ነጠላዬን እያየች።

አቅፌ ሳምኋት። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ሴቶቹ ዞርሁ፤ ልጄ ደኅና መጥታለች፣ ይቅር በሉኝ አልኋቸው።

አሮጊቷ ማኅሌትን ዞር ብለው እንኳ አላዩአትም።

«እኛ እኮ አልቅሰን ጨርሰናል» አሉኝ።

ቤት ገብተን ልጄ በላች፣ ቀለደች። ነጠላዋን አጥፌ ራሴ አስቀመጥሁት።

እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ስትወጣ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነበር። መለስሁላት። በሩ ጋ ሳትደርስ እንደገና...

«አልነካሁትም እኮ» አለችኝ።

ለአባቷ ምን ብዬ ልንገረው? ሳትሞት መርዶዋን ያረዳሁ እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋትም መለስሁላት። እጄ ረጠበ።

ደጅ ዝናብ የለም። ልጄ እያዜመች ወጣች። ጥለቱ ተመልሶ አንገቷ ላይ ነው፤ ከጫፉ ውኃ ይንጠባጠባል...

ውኃው ጣና ጣና ይሸታል።