የዋሸው በር

ሟቹ በጨርቅ ተሸፍኖ አስፋልቱ ዳር ተጋድሟል። መርማሪዋ ግን መጀመሪያ የሄደችው ወደ ተሰበረችው መኪና ነበር። ቀይ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አርባ ዓመት ያለፋት የውድድር መኪና ናት። አርብ ጠዋት በቁልቁለቱ ስትወርድ ጠመዝማዛው ጋ ከወገቧ ታጥፋ ከድንጋዩ ግንብ ጋር ተላትማለች።

የትራፊክ ፖሊሱ ወረቀቱን ጨርሶ ነበር። ፍጥነት ነው አለ። ሟቹ የታወቀ የቀድሞ ተወዳዳሪ ነው፤ በዘመኑ «ንፋሱ» ይባል ነበር፤ በስድሳ ዓመቱም ንፋስነቱን አልተወም፤ ታዲያ ይሄ ምን ምርመራ ያሻዋል ሲል ጠየቃት። ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት ይህች ትንሽዬ ሴት ግን መንገዱ ላይ ያለውን ጭረት እየተከተለች ወደ ኋላ ሄደች፤ ከግንቡ ሃያ ሜትር ያህል ርቃ ቆመች። ጭረቱ የሚጀምረው እዚያ ነበር።

«ግንቡ አይደለም የሰበራት» አለች ተመልሳ። «ሆዷ አስፋልቱን የነካው ገና እዚያ ላይ ነው። ተሰብራ ነው ግንቡ ጋ የደረሰችው።»

በደረቷ ተኝታ ባትሪ አበራች። ሻንሲ የመኪና አጥንት ነው፤ ጣሪያ የሌላት መኪና ላይ ደግሞ ሸክሙን ሁሉ የሚችሉት ከሁለቱ በሮች ስር የሚያልፉት ረጃጅም ብረቶች ናቸው። የተሰበረው በሾፌሩ በኩል ያለው ነበር። አብዛኛው የስብራቱ ፊት ቡናማ ነው፤ ዝገት የጠጣ፣ የቆየ ስንጥቅ። ያን ዕለት የተቀደደው፣ ገና የሚያብረቀርቀው፣ ከአውራ ጣት የማይሰፋ ጥግ ብቻ ነው። የመጋዝ ምልክት የለም። ነገር ግን ከስንጥቁ ከንፈሮች ላይ ቀለም ቀቢዎች የተጎዳ ቆርቆሮ የሚያስተካክሉበትን ስቱኮ አገኘች፤ በላዩም ገና ሽታው ያልጠፋ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ስቱኮ ፊት ያሳምራል እንጂ አጥንት አይጠግንም። አንድ ሰው ስንጥቁን አይቶታል፤ አይቶም ሸፍኖታል።

የሟቹ ሚስት ቤቷ ስትጠየቅ አላለቀሰችም። ከሳሎኑ በር አጠገብ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል። መርማሪዋ ሻንጣውን ስታይ ጊዜ፣ ልሄድ ነበር፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ በቃኝ ብዬ ነበር አለች፣ ሳትጠየቅ። ባሏ ከእሷ ይልቅ ለዚያች ቆርቆሮ ይሳሳ ነበር። መኪናዋን በዚያው ሳምንት ሰኞ ወንድሙ ጋራዥ አስገብቷት ነበር፤ ሐሙስ ሲያወጣት አብራው ሄዳ፣ እህቷ ቤት ድረስ አድርሷታል። ስለ መኪና የምታውቀው ነገር እንዳለ ስትጠየቅ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ከዚያ የሾፌሩን በር ነገር አነሳች። ከወር ወዲህ አልዘጋ እያለው ጠዋት ጠዋት እየተሳደበ ያላጋው ነበር፤ ሐሙስ ግን ገና ገፋ ሲያደርገው ልክክ አለ። ባሏም እጁን አፋትጎ፣ በሩ ከገጠመ አጥንቷ ድኗል ማለት ነው ብሎ ረካ።

«የሚጠላው ሰው ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«የሚወደው ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂኝ። መልሱ ያጥራል።»

የጋራዡ በያጅ የተገኘው አንድ ትምህርት ቤት አጥር ላይ ሲሠራ ነው። ማሽኑን ሳያጠፋ፣ የፊት መከለያውን ከፍ አድርጎ ብቻ አነጋገራት። ሰኞ ዕለት መኪናዋ ማንሻ ላይ ስትወጣ ብረቱን በጠፍጣፋ መፍቻ ወጋ ቢያደርገው፣ መፍቻው እስከ እጀታው ገባ። ብረቱ በሙሉ ተቆርጦ ይቀየር፣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ እስከዚያ ከዚህ ግቢ እንዳትወጣ አለ። ንፋሱ እዚያው ቆሞ ነበርና ሌባ፣ ደንቆሮ ብሎ ሰደበው፤ እግሩ ስርም ተፋ። በያጁ ማሽኑን ጋሪ ላይ ጭኖ ወጣ። ማሽኑ የራሱ ነው፤ ጋራዡ ሌላ የለውም። ከማክሰኞ ጀምሮ ከዚህ አጥር አልተለየም፤ ርዕሰ መምህሯም ይህንኑ አረጋገጠች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን የት እንደሚሄድ አላውቅም አለች።

«አላዘንኩለትም» አለ በያጁ። «አዝኛለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል።»

የጋራዡ ባለቤት የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። አንድ ጉልበቱ አይታጠፍም። ሰፈሩ ሁሉ ከኋላው «ግራ ቀኝ» ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ታላቁ ሲነዳ ታናሹ አጠገቡ ተቀምጦ ካርታ እያነበበ መታጠፊያውን ይነግረው ነበር። በትልቁ ውድድር ይህችው መኪና ገደል ገባች። ታናሹ ጉልበቱን አጣ፤ ታላቁ ደግሞ ለጋዜጠኞች፣ ወንድሜ ቀኝ ማለት ሲገባው ግራ አለኝ ሲል ተናገረ። ከዚያ በኋላ ካርታ የሰጠው ሰው የለም።

መርማሪዋን ቆሞ ነው ያነጋገራት። ጥፋቱ የበያጁ ነው፤ ሰኞ ተቆጥቶ ቢሄድም ረቡዕ በምሳ ሰዓት ተጸጽቶ ተመለሰ፤ ማሽኑን ይዞ መጥቶ በየደው፣ ጥቁር ቀለሙንም ራሱ ቀባው አለ።

«ሲበይድ አይተውታል?»

«በዓይኔ በብረቱ! ፍንጣሪው እዚህ ድረስ ይደርስ ነበር» አለ የማይታጠፈውን ጉልበቱን እያሳየ። «ሰው ማመኔ ነው የጎዳኝ።»

ከቢሮው ግድግዳ ላይ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ቦታ ነበር፤ በላዩ ባዶ ምስማር። ምን ተሰቅሎ እንደነበር ጠየቀችው። ፎቶ ነው፣ መስታወቱ ስለተሰበረ አወረድኩት አለ። ልየው አለችው። ከመሳቢያ ሲያወጣው እጁ ዘገየ። ሁለት ወጣቶች ከቀይዋ መኪና አጠገብ ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ ከግርጌው የውድድሩ ቀን ተጽፏል። መስታወቱ ደህና ነበር።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከአንድ የፖሊስ ቴክኒሻን ጋር ስብርባሪውን ስትፈታ ዋለች። ወለሉ ላይ የተጣበቀውን የሱፍ ምንጣፍ ገለጠች። የበሩን ማጠፊያ ብሎኖች አስፈታች። ከዚያ ጥቁሩን ቀለም በቀጭኑ አስፋቀችና፣ ከስሩ ያገኘችውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብባ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መኪናዋ መሃል ላይ በሁለት ቁራጭ ተቀምጣለች። ሚስትየው ከሁለቱም ወንዶች ርቃ ቆመች። በያጁና የጋራዡ ባለቤት ገና ሲተያዩ ተናነቁ፤ ፖሊሶች ገብተው አላቀቋቸው።

መርማሪዋ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ይህን ብረት ማንም አልቆረጠውም ብላ ጀመረች፤ የሰበረው ዝገት ነው። ጥያቄው ማን ሰበረው ሳይሆን ማን ደበቀው ነው። ምንጣፉን አንስታ አሳየቻቸው። ይህ ሱፍ በትክክል ከስንጥቁ በላይ ተጣብቆ የኖረ ነው፤ ማጣበቂያው የጥንቱ ነው፤ አንድም ክር አልተጠበሰም። እዚህ ስር እሳት ቢነድ ኖሮ ምንጣፉ አመድ ይሆን ነበር። ስለዚህ ረቡዕም ሆነ በዚያ ሳምንት በሌላ ቀን ማንም እዚህ ቦታ አልበየደም።

«ጋሼ» አለ በያጁ ወደ ባለቤቱ ዞሮ። «አየሁት ያሉት እሳት የታለ?»

መርማሪዋ በእጇ ዝም አሰኘችው። ሰው ሊታለል ይችላል አለች። የተታለለ ሰው ግን ‹በየድኩ ብሎኝ ነበር› ነው የሚለው። ያልነበረ ፍንጣሪ አየሁ የሚል የተታለለ አይደለም።

ባለቤቱ ሳቀ። ምናልባት ቀኑ ተምታትቶብኝ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ቃል ነው ወይ አለ።

ለአንድ ቃል አይደለም አለች፤ ለበሩም ጭምር ነው። ከኪሷ አራት ስስ ሮንዴላዎች፣ ከበሩ ማጠፊያ ብሎኖች ስር የተገኙትን ቀለበቶች፣ አውጥታ መኪናዋ ላይ ደረደረች። አጥንቷ የተሰነጠቀ ክፍት መኪና መሃሏ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ በሩ ይይዛል። ስንጥቁ በትክክል ቢበየድ ወለሉ መጀመሪያ በክሪክ ይነሳ ነበር፤ በሩም በራሱ ጊዜ ይመለስ ነበር፤ ማጠፊያውን የሚነካ አይኖርም ነበር። እዚህ ግን አጥንቱ እንደሰመጠ ነው፤ አዲስ ሮንዴላ ገብቶ የተቃናው በሩ ብቻ ነው። ንፋሱ አርባ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ ከመኪና ስር ባይገባም በሩ እውነቱን ይነግረው ነበር። ይህን ሥራ የሠራው ሰው ያንን ያውቃል።

ከዚያ አንድ በአንድ አስወጣቻቸው። ሚስትየው መኪናዋ ልትገድላት እንደምትችል ብታውቅ ሐሙስ አትሳፈርም ነበር። በያጁ እንከኑን በሰው ፊት ጮኾ የተናገረ ነው፤ ሊደብቅ የፈለገ ሰው አይጮኽም። ማሽኑም ሰኞ ከወጣ ወዲህ በዚህ በር አልገባም፤ የጋራዡ ዘበኛ መስክሯል። መኪናዋ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያደረችውም የዋለችውም እርስዎ እጅ ነው አለችው ለባለቤቱ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።

«የእናቴን ልጅ ለምን እገድላለሁ?» አለ።

መርማሪዋ ወደ ብረቱ ጎንበስ አለች። ከስብራቱ አንድ ስንዝር ርቆ አሮጌ ጠጋኝ ብረት አለ። የቀረው ሁሉ ከነጭቃው ጥቁር ተቀብቷል፤ ይህ ጠጋኝ ግን ከቀለሙ በፊት በሽቦ ብሩሽ ታጥቦ ነበር። አንድ ሰው ሊያነበው ፈልጓል። የጥንቱ በያጅ የሠራበትን ቀን በምስማር ወቅሮበታል፤ ቀኑ ከፎቶው ግርጌ ካለው ቀን በዐሥራ አንድ ቀን ይቀድማል።

ሚስትየው ነገሩ ስላልገባት ቀረብ አለች። መርማሪዋ አስረዳቻት፦ ከውድድሩ በፊት ይህ ብረት ተሰንጥቆ ነበር፤ ባልሽ አስጠግኖታል፤ ለወንድሙ ሳይነግር አጠገቡ አስቀምጦት ነዳ። ከጠጋኙ ጠርዝ ያለው ሌላው ብየዳ ደግሞ ብረቱ በውድድሩ ቀን ዳግም የተሰበረበትን፣ ኋላም የተጠገነበትን ቦታ ያሳያል። ገደል የከተታቸው ስንጥቁ እንጂ ካርታው አልነበረም።

«ቀኝ ነው ያልኩት» አለ ባለቤቱ። ድምፁ ከሆዱ ነበር የሚወጣው። «ሃያ ሁለት ዓመት። እኔ ራሴ ተሳስቼ ይሆናል እያልኩ ሌሊት እንኳ መታጠፊያውን እቆጥር ነበር። ወንድም ጋሼ እያልኩ መኪናውን አጠብኩለት። ሰኞ ብሩሹን ሳሳርፍበት ቀኑ ወጣ። እኔ ምንም አልቆረጥኩም። እሱ ያደረገኝን አደረግኩት፤ ዝም አልኩት።»

«ዝም ብለው ቢሆን በሩ ይነግረው ነበር» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ግን በሩንም አዋሹት።»

ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ ባለቤቱ አንድ ነገር ለመናት፤ መዝገቡ ላይ ቀኝ ማለቴ ይጻፍልኝ አለ። ይጻፋል አለችው። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የሆነ እፎይታ ታየ፤ ቀና ብሎም የወንድሙን ሚስት አያት፤ ቢያንስ እሷ ትረዳኛለች ብሎ ያሰበ ይመስል ነበር።

ሚስትየው ከፊቱ መጥታ ቆመች። አልጮኸችም።

«እሱ የሠራብህን ሰማሁ» አለች። «ግፍ ነው። ሐሙስ ዕለት ግን ከዚህ ደጃፍ እሱ ሞተር ሲያስነሳ የእኔን በር ከፍተህ ያስገባኸኝ አንተ ነህ። ቀሚሴ በሩ እንዳይዘው ሰብስበህ አስገባህልኝ። እኔ ምን አድርጌህ ነበር፣ ዋርሳዬ?»

የጋራዡ ባለቤት ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ ወለሉ ላይ ጣለው። ከዚያ እጆቹን ለካቴናው ራሱ ዘረጋ።