የሦስተኛው ብሎክ ጉድጓድ

አቶ በኃይሉ ሞተው የተገኙት ቤታቸው ይቆምበታል በተባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ማካፋት ጀምሮ ነበርና የግንባታው ዘበኛ እንደ ልማዱ በማለዳ አልዞረም፤ ዘበኛ ዝናብ ካገኘ ሌላ ሰበብ አይፈልግም። ካባራ በኋላ ወጣ ሲል ሽማግሌው ከጉድጓዱ ግርጌ በጎናቸው ተጋድመው አያቸው። ጭንቅላታቸው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ሀኒፋ በመሰላል ወርዳ አስከሬኑን አየች። ኮታቸው ርሷል፤ ከሥራቸው ያለው አፈር ግን ደረቅ ነው። ከዝናቡ በፊት ሞተዋል ማለት ነው። የኮታቸው እጅጌ ከትከሻው ላይ ተተርትሯል። አንድ ሰው ይዟቸው ነበር።

ነገሩን ላፍቶ ውስጥ የማያውቀው የለም። የድሮው ሰፈር የፈረሰው በመንግሥትና በግል አልሚ አጋርነት ነው፤ መሬቱ ከመንግሥት፣ ገንዘቡ ከአልሚው። ነዋሪዎቹ ሦስተኛው ብሎክ ሲያልቅ ትመለሳላችሁ ተብለው ጀሞና ሌላም ቦታ በኪራይ ተበተኑ። ሁለቱ ብሎኮች ቆመው ተሸጡ፤ ሦስተኛው ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። አቶ በኃይሉ የነዋሪዎቹ ተወካይ ነበሩ። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርበው ግንባታውን ሊያሳግዱ ተዘጋጅተው ነበር። የዚያ ሁሉ ቤተሰብ የመመለስ ተስፋ በአንድ ሽማግሌ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ይቻላል።

ሐሙስ ከሰዓት በግንባታው ቦታ ስብሰባ ነበር። ከእሳቸው ጋር የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የአልሚው ሥራ አስኪያጅ ሮበሌ፣ ፕሮጀክቱን ለመንግሥት ወገን የሚከታተለው አስረስ፣ የተወካዩ ምክትልና የልጅነት ጓደኛቸው ጋሽ መኩሪያ።

ሀኒፋ መጀመሪያ ሮበሌ ቢሮ ገባች። ጠረጴዛው ላይ በመስታወት የተሸፈነ የሰፈሩ ሞዴል አለ፤ ሁለት ብሎኮች፣ የፕላስቲክ ዛፎች፣ የተደረደሩ ትናንሽ መኪኖች። ሦስተኛው ብሎክ የታለ ብላ ጠየቀችው።

«ገና አልተጨመረም» አለ ሮበሌ፤ ወዲያው ወሬውን ወደ ሟቹ መለሰ። ሽማግሌው ግትር እንደነበሩ፣ አጥር አልፈው መግባት እንደሚወዱ፣ አዳልጧቸው እንደሚሆን ነገራት። ሲሸኛትም፣ «ለቅሶ መድረስ አለብን፤ ቤታቸው የት እንደሆነ ቢጠቁሙን» አላት።

አስረስ ደግሞ ጣቱን በሮበሌ ላይ ቀሰረ። «ይህ ሰውዬ መንገዳችን ላይ ቆሟል» ሲል በጆሮው ሰምቷል። ስለ ራሱ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሁሉ መመሪያና አሠራር ነበር። ለቅሶውን እሱም አልረሳም፤ አድራሻ ለመነ። «ጀሞ አንድ ይሁኑ ጀሞ ሁለት አላውቅም። ፋይላቸው ላይ ያለው የፈረሰው ቤት ነው» አላት።

ሀኒፋ ለሁለቱም አድራሻውን ነግራ ወደ ጀሞ ሄደች። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ጭቃ ሆኗል። መሃሉ ላይ ትልቅ የእድር ድንኳን ቆሟል፤ ከውስጡ ጋሽ መኩሪያ አግዳሚ ወንበር ያስተካክላሉ። የእድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከበኃይሉ ጋር የግንባታው በር ላይ ተለያይተው በታክሲ ቤታቸው እንደገቡ ነገሯት። እያዳመጠች ጫማዋን ተመለከተች። ጭቃው ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሟል፤ ውስጡ አቧራ ነው።

ከዚያ የሟቹን ሚስት እትዬ ተሾመችን አገኘቻቸው። ባላቸው ሳይመጡ ሲያድሩ ለምን እንዳልደነገጡ ጠየቀቻቸው። ሟቹ ሲመሽባቸው ላፍቶ እህታቸው ጋ ያድሩ ነበርና እዚያ ያሉ መስሏቸው ነበር።

«ጠዋት በመስኮት ባይ ድንኳን ተተክሏል» አሉ። «ከየትኛው ቤት ሰው ሞቶ ይሆን አልኩ። እዚህ ማን ማንን ያውቃል፤ ድንኳን ሁሉ አንድ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወረድኩ። ለሰው ላለቅስ ነው የወረድኩት፣ ልጄ። ባለቤቶቹ እስኪመጡ ብቻዬን ተቀምጬ ስጠብቅ ነው ፖሊስ የደወለልኝ።»

ሀኒፋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ብዙ ለቅሶ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አይታ አታውቅም።

ቀብሩ ቅዳሜ ተፈጸመ። እሑድ ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ሲሰበሰቡ ሀኒፋ ከሮበሌና ከአስረስ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጋሽ መኩሪያ ከባልቴቷ አጠገብ ነበሩ። በጸጥታ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚወራው ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች።

«ሁላችንም ጉድጓዱን ነበር የምናየው። ይህን ድንኳን ግን ያስተዋለው የለም፤ ሞት ባለበት ድንኳን አለ፤ ማን፣ መቼ ተከለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዓርብ ስመጣ ግቢው ጭቃ፣ የዚህ ሥር ደግሞ ደረቅ ነበር። ስለዚህ የተተከለው ከዝናቡ በፊት ነው። አስከሬኑ የተገኘው ከዝናቡ በኋላ ነው። እትዬ ተሾመች ባላቸው መሞታቸውን ሳይሰሙ ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር።»

አስረስ የእድሩ ዕቃ የሚቀመጠው በግንባታው ግቢ ውስጥ ባለ ኮንቴይነር መሆኑን፣ ትርፍ ቁልፉም ሮበሌ ጋ መሆኑን ለማስታወስ ቸኮለ።

«አውቃለሁ» አለች ሀኒፋ። «ግን ቁልፍ ብቻ አይበቃም፤ ድንኳኑን የት እንደሚተክሉትም ማወቅ ያስፈልጋል። ሮበሌ የሟቹን ቤት ጠየቀኝ። አንተም ጠየቅኸኝ። ሰዎቹን ከቤታቸው አስነስታችሁ የት እንደገቡ አንዳችሁም አታውቁም። ለአንድ ጊዜ አለማወቃችሁ ጠቀማችሁ።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሽ መኩሪያ፣ የተከሉትን የቀን ሠራተኞች መጠየቅ እችላለሁ። ከእርስዎ ብሰማው ግን ይሻለኛል።»

ጋሽ መኩሪያ ቆባቸውን አወለቁ። «ዘበኛው ጎህ ሲቀድ ይዞራል፤ ያገኘዋል ብዬ ነበር። ዝናቡን አላሰብኩም» አሉ። «ሰፈሩ ከተበተነ ወዲህ ድንኳናችን ከቀብር በኋላ ነው የሚደርሰው። ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ይቆማል። የበኃይሉ እንኳ አይዘግይ አልኩ።»

ከዚያ የቀረውን ነገሯቸው። ሮበሌ ለብቻቸው ጠርቶ ክሱ ከቀጠለ አጋርነቱ ይፈርሳል፣ ቤቱም ይቀራል ብሏቸው ነበር። አመሻሽ ላይ ጓደኛቸውን ወደ ጉድጓዱ ወሰዷቸው።

«መሠረቱ ተቆፍሯል፣ ቤታችን ተጀምሯል፣ ክሱን ተወው አልኩት። ይህ የእኛ አይደለም፣ አታልለውሃል አለኝ። ልሂድ ሲል እጅጌውን ያዝኩት። ተጓተትን። ከዚያ ገፋሁት። አዳለጠው አልልም፤ ገፋሁት። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ቤት አሳጣቸው ብዬ ነበር።»

እትዬ ተሾመች ከአጠገባቸው አልተነሱም። መነሳትም የቻሉ አይመስሉም ነበር።

ሀኒፋ ሮበሌን ጉድጓዱ ለምን እንደተቆፈረ ጠየቀችው። ሮበሌ ወደ አስረስ ዞረ።

«ሞዴልህ ላይ እዚያ ቦታ የቆሙት መኪኖች ናቸው» አለችው።

የመለሰው አስረስ ነው፤ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «የመኪና ማቆሚያ ነው። የዲዛይን ማሻሻያው ጸድቋል።»

«ነዋሪዎቹስ?»

«በሌላ ዙር ይታያል።»

ጋሽ መኩሪያ አስረስን አዩት፤ ሮበሌን አዩት። ቆቡ ከእጃቸው ወደቀ። ለማንሳት አላጎነበሱም።

ሀኒፋ አንዱን ሽማግሌ ይዛ ወጣች። ሮበሌንና አስረስን የምትይዝበት አንቀጽ አልነበራትም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ሰኞ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ሲጠራ የቀረበ አልነበረም። ውክልናው የነበረው በተወካዩና በምክትሉ ስም ብቻ ነው፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ታስሯል። የተበተነ ሰው ተሰብስቦ ሌላ ተወካይ እስኪመርጥ ጉድጓዱ ኮንክሪት ጠጣ። ኮንቴይነሩም ለማቆሚያው ቦታ ይልቀቅ ተብሎ ተነሳ፤ የእድሩ ዕቃ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ጠፋ።

በዚያው ክረምት ከድሮው ሰፈር ሰዎች አንዷ እዚያው ግቢ ውስጥ ሞተች። እትዬ ተሾመች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። ድንኳን አልነበረም፤ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሟል።